ካርተር ሲተነፍስ ወደ ውስጥም ይስባል፦ ስለ መተንፈሻ ቱቦ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን በክሩዘር (ዝቅ ባለ ኮርቻ ለረጅም መንገድ በተሠራ ትልቅ) ሞተር ሳይክል ነጂዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ፣ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ከአየር ፊልትሮው ነቅላችሁ ወደ መሬት አውርዱት የሚል አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ላኩልኝ። ሁለቱ «ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ለመጠየቅ ነው፤ ሦስተኛው ግን የላከልኝ ቱቦውን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጸሐፊው ሞተር ፈትተው የገጠሙ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ይታወቃል፤ ምክራቸውም ከቅን ልቦና የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም እንደተጻፈ ቢፈጸም ጤነኛውን ሞተር ያሳምማል፣ የታመመውን ደግሞ ሕመሙን ይደብቅለታል ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው። ከካርተሩ (ከሞተሩ ታችኛ ቤት) የሚወጣው ዘይት ያዘለ ትነት በቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ስለሚመለስ ፊልትሮውን ያቆሽሻል፣ የሞተሩን ውስጥ በካርቦን ያለብሳል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። እንዲህ ተደርጎ የተሠራው ለሞተሩ ታስቦ ሳይሆን የአየር ብክለት ሕግ ስላስገደደ ነው፤ የድሮዎቹ ሞተሮች ቱቧቸውን ወደ መሬት አውርደው ዕድሜ ጠግበዋል። ስለዚህ ቱቦውን ከፊልትሮው ቤት ነቅሎ በፍሬሙ ሥር ወደ ታች መውሰድና ጫፉ ላይ እንቁላል የምታህል ትንሽ ፊልትሮ መግጠም ይበቃል። በትንፋሹ መንገድ ላይ ያሉት ከጎማ የተሠሩ ቫልቮች እንቅፋት ስለሆኑ ቢወጡ ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍሳል። በመጨረሻም፣ በፊልትሮው በኩል ዘይት የሚተፋ ሞተር በዚህ ሥራ ከችግሩ ይገላገላል። አምስት ነጥብ ናቸው፤ ያጣመምኩት ያለ አይመስለኝም።

ከመልሱ በፊት የሚያስማማንን ላስቀምጥ። ፒስተኑ ላይ ያሉት ፋሻዎች (ዙሪያውን የሚዘጉት የብረት ቀለበቶች) የቱንም ያህል አዲስ ቢሆኑ መቶ በመቶ አይዘጉም። ነዳጁ በታመቀና በተቀጣጠለ ቁጥር ከግፊቱ ጥቂቱ በፋሻዎቹ ጥግ ሾልኮ ወደ ካርተሩ፣ ኮሎው (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) ወደሚሽከረከርበት ቤት ይወርዳል። ከሾለከው አብዛኛው ያልተቃጠለ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝና የውሃ ትነትም አብሮት አለ። ይህ ሁሉ መውጫ ካጣ ግፊቱ እየጨመረ ጋስኬቱንና የዘይት ማገጃ ጎማዎቹን እየገፋ ዘይት ያስወጣል። መተንፈሻ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

የምንለያየው ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር መተንፈሻውን እንደ ጭስ ማውጫ በማየቱ ነው፤ ጋዝ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድበት ቀዳዳ አድርጎ። ክሩዘር ላይ ነገሩ እንዲያ አይደለም። የብዙ ክሩዘሮች መለያ የሆነውን ባለ 45 ዲግሪ ቪ ሞተር ውሰዱ። የሁለቱ ፒስተኖች ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) የታሰረው ኮሎው ላይ ባለ አንድ ፒን ስለሆነ ፒስተኖቹ ተከታትለው፣ አብረው ሊባል በሚችል ሁኔታ ይወጣሉ፤ አብረው ይወርዳሉ። ሲወርዱ ከሥራቸው ያለውን አየር ይጨምቁታል፤ ሲወጡ ደግሞ ይስቡታል። በስሌት ካየነው ከፒስተኖቹ በታች ያለው ቦታ በእያንዳንዱ ዙር ከሞተሩ ጠቅላላ ሲሲ (ፒስተኖቹ ከሚጠርጉት ቦታ መጠን) 92 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ መልሶ ይጠባል። ለ1,200 ሲሲ ሞተር ይህ 1,100 ሲሲ ገደማ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ይህ መስፋትና መጥበብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል። ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድባቸው ባለ ሁለት ፒስተን ሞተሮች እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለባቸውም፤ አንዱ የለቀቀውን ቦታ ሌላው ይሞላዋል። የቢኤምደብሊው ቦክሰር ግን ሁለቱ ፒስተኖቹ እኩል ወደ ውጭ፣ እኩል ወደ ውስጥ ስለሚሄዱ ከቪ ሞተሩም የባሰ ነው።

በፋሻ ሾልኮ የሚመጣው ጋዝ ከዚህ ማዕበል አጠገብ ሲቀመጥ እጅግ ጥቂት ነው። መተንፈሻው ላይ የሚሰማን ፉ ፉ ማለት በአብዛኛው የፒስተኖቹ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ደግሞ ይገፋል ብቻ ሳይሆን ይስባልም።

በዚህ ምክንያት በእሳቸው ቅደም ተከተል አራተኛ ላይ ያለውን የቫልቭ ጉዳይ አስቀድማለሁ፤ የሌሎቹ መልስ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ያች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋች ትንሽ ጎማ ሥራዋ አንድ ነው፦ ፒስተኖቹ ሲወርዱ ትከፈታለች፣ ሲወጡ ትዘጋለች። የወጣው አየር ተመልሶ ስለማይገባ ካርተሩ ውስጥ ያለው ግፊት በአማካይ ከውጭው አየር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ግፊቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ዘይቱ በጋስኬት በኩል ለመውጣት የሚገፋፋው ነገር ያጣል። ቫልቭዋን ስታወጧት «እንደልቡ መተንፈስ» የሚባለው ነገር ማለት ካርተሩ በየዙሩ ከአንድ ሊትር በላይ አየር ሊያስወጣና ሊያስገባ መታገሉ ነው። በቀጭን ቱቦ ያን ሁሉ ማመላለስ ስለማይችል ውስጡ አንዴ ይታፈናል፣ አንዴ ይሳባል።

ቱቦውን የቆረጠው ወዳጄ ሞተሩን ይዞልኝ መጣ። ቫልቮቹንም እንደተመከረው አውጥቷቸው ነበር። ትንሿን ፊልትሮ አወለቅንና በምትኩ ክንድ የሚሆን ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ሰካንበት። ሞተሩን አስነስተን በሚኒሞ (ጋዝ ሳንሰጠው) ስንተወው አንዲት የዘይት ጠብታ ቱቦው ውስጥ ብቅ አለች። ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ወዲያው ትመለሳለች፤ ሁለት ጣት በማትሞላ ርቀት ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ቀረች እንጂ አልወጣችም። አውራ ጣቴን ጫፉ ላይ ሳስጠጋ ግፊቱም ስበቱም እኩል ይሰማኝ ነበር። ወዳጄ ጣቱን አስቀምጦ ትንሽ ቆየና «ይሄ እኮ ይጠባል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጽሑፉ ራሱ ሳያስበው ይህን የሚመሰክር ነገር አለው። ጸሐፊው ቱቦው ጫፍ ላይ ፊልትሮ እንድንገጥም ያዛሉ፤ ምክንያታቸውም «አቧራ እንዳይገባ» ነው። ጋዙ ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድ ቢሆን አቧራው በየት በኩል ይገባል? ፊልትሮው ያስፈለገው ካርተሩ ስለሚስብ ነው። ይስባል ካሉ ደግሞ ስበቱን የሚያቆመውን ቫልቭ እንቅፋት ነው ብለው ሊያስወጡን አይገባም ነበር። ሁለቱን ምክር አብሮ ማስኬድ አይቻልም።

አሁን ወደ ድሮዎቹ ሞተሮች ልምጣ። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ያሳመነ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ ቱቦው ወደ መሬት ይወርድ ነበር። ከቱቦው በፊት የነበረውን ግን ጽሑፉ አላነሳውም። የሃርሊ ዴቪድሰን ፓንሄድና ሾቭልሄድ ሞተሮች ካርተር ውስጥ ከኮሎው ጋር በጥርስ ተያይዞ የሚዞር፣ ጎኑ ላይ መስኮት የተቆረጠለት የመተንፈሻ ማርሽ ነበራቸው። መስኮቱ ፒስተኖቹ ሲወርዱ ከመውጫው ጋር ይገጥማል፣ ሲወጡ ያልፈዋል። ልክ እንደ ቴስታታ (ከሲሊንደሩ በላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ) ቫልቮች ሰዓቱን ጠብቆ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነው፤ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ከተገጠመ ሞተሩ ዘይት መትፋት ይጀምራል። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ፒስተን ትራያምፎችም በካም ዘንጉ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚዞር እንዲሁ ሰዓት የሚጠብቅ ዲስክ ነበራቸው። ሃርሊ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ትንፋሹን ወደ ቴስታታው አውጥቶ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎን በኩል ወደ ፊልትሮው ቤት እንዲገባ ሲያደርግ፣ በ1999 በወጣው ትዊን ካም በተባለው ሞተሩ ላይ ደግሞ ሥራውን ለጎማዎቹ ጃንጥላ ቫልቮች ሲተው፣ የአሠራሩ ቅርጽ ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። እንግዲህ የድሮዎቹ ምሳሌነት የሚያገለግለው ቫልቩ እንዲኖር ለሚል ሰው ነው። ቱቦውን ብቻ አይቶ ቫልቩን መተው ጉልላቱን አይቶ ምሰሶውን እንደመርሳት ይሆናል።

የድሮዎቹ ያቆሙበትን ቦታም የሚያስታውስ ሰው ያስታውሳል። ከሥራቸው የዘይት ምልክት ሳይተዉ አይሄዱም ነበር። ያ ሁሉ ከመተንፈሻው ነበር አልልም፤ ጋስኬቱም የራሱ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን እንደ አርአያ ሊቀርብ የሚገባው ነገር አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት በመሠረቱ ልክ ነው። ጋዙን ወደ አየር ማስገቢያው መመለስ በመኪኖች ላይ የግዴታ ሆኖ የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ። አሜሪካ ለሞተር ሳይክል የጭስ መመዘኛ ያወጣችው ለ1978 ሞዴሎች ሲሆን ከ1980 ሞዴል ወዲህ ከካርተር የሚወጣ ምንም ዓይነት ጋዝ ወደ አየር እንዳይለቀቅ ከልክላለች። የአውሮፓም ደንብ እንዲሁ ይከለክላል። ስለዚህ ሕጉ ባይኖር ብዙ ፋብሪካ ቱቦውን እንደ ድሮው ይተወው ነበር ቢባል አልከራከርም። የማልቀበለው ከዚህ የሚወጣውን መደምደሚያ ነው፦ «ሕግ ያመጣው ነገር ስለሆነ ለሞተሩ አይጠቅምም»። ይህ አያስኬድም። ካርተሩን ከአየር ማስገቢያው ጋር ማያያዝ ከብክለት ሕግ በፊትም ነበረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታንኮች ጥልቅ ውሃ ሲሻገሩ በክፍቱ መተንፈሻ ውሃ እንዳይገባባቸው ተብሎ ተሠርቶበታል። የተፈለገው ሞተሩን ማዳን ነበር።

ሞተሩም ዛሬ የሚያገኘው ጥቅም አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወልዳል። አብዛኛው በማርሚታው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን ከሾለከው ጋዝ ጋር ካርተር ይገባል። ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍት የሚያየው ነጭ ቡና የመሰለ ቅባት ይህ ውሃ ከዘይት ጋር ተመትቶ ነው። ፊልትሮው ኋላ ያለው ቦታ ሞተሩ አየር ሲጠጣ ትንሽ ስበት ስላለው ቱቦው እዚያ ሲገባ እርጥበቱን ቀስ እያለ ይጎትተዋል። ስበቱ ትልቅ አይደለም፤ በተለይ አየር በሰፊው በሚያስገባ ክብ ፊልትሮ ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ግን የሚጎትት ነው፣ የሚገፋ አይደለም። ሜትር ከግማሽ በሆነ ቱቦ ጫፍ ላይ የተገጠመ በዘይት የራሰ ስፖንጅ ደግሞ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ስለ አካባቢው አየርም አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉ እንደ ትርፍ ነገር ስላለፈው። ቁጥጥር ከመጀመሩ በፊት ከአንድ መኪና ከሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከካርተሩ መተንፈሻ ነበር። ያ ጋዝ ክሩዘር ላይ ቱቦው ወደ ታች ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ነጂው ጋ ነው። ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ የሚሸታችሁ የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከዚያ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከነጂው የበለጠ ይተነፍሰዋል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ፣ ወደ ዘይቱና ጉልበቱ። እዚህ ላይ ብዙ የምቀበለው አለ። በአየር ማስገቢያው የሚገባ የዘይት ጭጋግ ነዳጁ ማንኳኳትን (ሰዓቱን ሳይጠብቅ መቀጣጠልን) የመቋቋም አቅሙን ይቀንሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። የወረቀት ፊልትሮ ዘይት ሲጠጣ ይታፈናል። በፊልትሮው ቤት ታች ተጠራቅሞ በሞተሩ ቀኝ ጎን የሚንጠባጠብ ዘይት አስቀያሚ ነው፤ ሱሪም ያበላሻል። ይህን ያየ ሰው ቢበሳጭ እውነት አለው፤ እኔም ተበሳጭቼበታለሁ።

መጠኑን ግን መመዘን ያስፈልጋል። ጤነኛ ሞተር ላይ በፋሻ የሚሾልከው ሞተሩ ከሚጠጣው አየር አንድ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ውጭ ቢለቀቅ እንኳ የሚገኘው የጉልበት ጭማሪ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም፤ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ነገር አይደለም። ጸሐፊው «ወዲያው ልዩነቱ ተሰማኝ» ይላሉ። ተሰምቷቸው ይሆናል። ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብለው ግን በዚያው ቀን የታፈነውን የአየር ፊልትሮ አውጥተው አዲስ መግጠማቸውን ነግረውናል። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው ነው? ቱቦውን ሳይነኩ ፊልትሮውን ብቻ ቀይረው ቢሞክሩት ኖሮ መልሱን እናውቀው ነበር። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው አንዱን ለይቶ ሊያመሰግን አይችልም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ትንሿ ፊልትሮ፣ ከሁሉ በላይ የምፈራው ነው፤ ቀላል ስለሚመስል። ያች ፊልትሮ ትነትን አታጣራም። የቤንዚኑ ትነት፣ የውሃው ትነት፣ ሽታው፣ ሁሉም በእሷ ውስጥ ያልፋል። የምትይዘው የዘይቱን ጠብታ ነው፤ በውጭ በኩል ደግሞ አቧራውን። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ አንድ ዓመት የተነዳባትን በእጅ መያዝ ይበቃል። ከዓመታት በፊት የቴስታታው ክዳን ላብ እንዳለው ሁሉ በዘይት የሚያወዛ ሞተር ስፈትሽ እንዲህ ያለችውን አገኘሁ። ከሥር በኩል፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ታስራ ነበር። ሽቦ መረቧ አይታይም፤ በግራጫ ጭቃ ተለብጣለች። ጭቃውን በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ሰም ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ጥጥ በዘይት ጠንክሯል። በአፌ አየር ልነፋባት ሞከርኩ፤ ጉንጬ ተነፋ እንጂ አላለፈም። ያ ሞተር መተንፈሻው ተዘግቶበት ነበር የሚሠራው። ሰውዬው የቴስታታውን ጋስኬት ሁለት ጊዜ አስቀይሯል፤ ችግሩ እዚያ አልነበረም። ፊልትሮዋን ስናነሳላት ወዙ በሳምንቱ ቆመ።

ቱቦው የሚያልቅበት ቦታም ቀላል ነገር አይደለም። ጽሑፉ «በፍሬሙ ሥር የፈለጋችሁበት» ይላል። የፈለጋችሁበት ሊሆን አይችልም። ከኋላ ጎማ ፊት ከሆነ የሚንጠባጠበው ዘይት በነፋስ ተገፍቶ ጎማው ላይ ያርፋል፤ ጎማው ሲጋደም መንገዱን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ጥቂት ዘይት ካለ ነጂው የሚያውቀው መዞሪያው መሐል ገብቶ ነው። የውድድር ደንቦች መተንፈሻው በማጠራቀሚያ ዕቃ ወይም በፊልትሮው ቤት እንዲያልቅ የሚያስገድዱት ለነጂውና ከኋላው ለሚመጡት ሕይወት ሲባል ነው። ከማርሚታው አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ብረቱ ላይ ይጤሳል፤ የቤንዚን ትነትና የጋለ ብረት ጎረቤት መሆን የለባቸውም። ቱቦው መሐል ላይ ረግቦ እንደ ጎድጓዳ ከሆነ ውሃ ይቋጥራል፤ ብርድ በበዛበት ሌሊት ያ ውሃ ይረጋል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ትንፋሹ መውጫ ያጣል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው አንድ ቀዳዳም አለ። ቱቦው ሲነቀል ፊልትሮው ቤት ላይ የሚቀረው ማለቴ ነው። ቱቦው የሚገባው ከፊልትሮው ኋላ፣ በተጣራው አየር በኩል ስለሆነ ቀዳዳው ሳይደፈን ከቀረ ሞተሩ ሳይጣራ የገባ አቧራ ይጠጣል። አቧራ ፋሻን ይበላል፤ የተበላ ፋሻ ብዙ ጋዝ ያሾልካል፤ ብዙ ጋዝ ብዙ ዘይት ይዞ ይወጣል። የተባለውን የፈጸመ ሰው ሊሸሸው የፈለገውን በሽታ በገዛ እጁ ሊያመጣው ይችላል። ጽሑፉ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመርለት ብዙ ሞተር ታድናለችና ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ባይቀበሉኝ ይህቺን እንዲጨምሩ እለምናቸዋለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ዘይት የሚተፋ ሞተር በዚህ ይድናል የሚለው። አይድንም፤ የሚተፋበት ቦታ ይቀየራል እንጂ። ፊልትሮው ላይ ያየነው ዘይት መልእክት ይዞ የመጣ ነው፤ ቱቦውን ወደማይታይ ቦታ ማዞር መልእክተኛውን ማባረር ነው። መጠየቅ ያለበት «ወዴት ልልቀቀው?» ሳይሆን «ለምን በዛ?» ነው።

በብዛት የማገኘው ምክንያት ዘይት ከልክ በላይ መሞላቱ ነው። ዘይታቸው በተለየ ጋን በሚቀመጥ ሞተሮች ላይ መለኪያው ሞተሩ ሞቆ ነው ወይስ ቀዝቅዞ የሚታየው የሚለው ልዩነት አለው፤ ሞቆ መታየት ያለበትን ቀዝቅዞ አይቶ «ጎሏል» ብሎ የሚጨምር ሰው ብዙ ነው። የተረፈው ዘይት መውጫው መተንፈሻው ነው። እነዚሁ ሞተሮች ለሳምንታት ቆመው ሲነሡ ብቻ የሚተፉ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በፓምፑ ቫልቭ ሾልኮ ከጋኑ ወደ ካርተሩ ወርዶ ነው፤ ያ የፓምፕ ጉዳይ ነው፣ ከቱቦ ጋር ግንኙነት የለውም። ቀጥሎ የጃንጥላዋ ጎማ አለች። ሙቀት ሲበዛባት ትደርቃለች፣ ጠርዟ ይቆለመማል፣ መዝጋት ታቆማለች። ያኔ ሞተሩ ቫልቯ እንደወጣችበት ሞተር ይሆናል።

ፋሻው ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለ በአንድ ሰዓት የሚለይ ነገር ነው። ፒስተኑን ጨመቃው መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱም የቴስታታ ቫልቮች በተዘጉበት ታቆሙታላችሁ፤ ኮሎው እንዳይዞር ትይዙታላችሁ፤ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ትለቃላችሁ። ከዚያ ጆሯችሁን መተንፈሻው ላይ ታደርጋላችሁ። ቀስ ያለ ሽውታ ሁልጊዜ ይኖራል። ፉጨት ከሆነ ግን አየሩ በፋሻው በኩል እየወረደ ነው፤ ያን ሞተር የሚያድነው መፈታት ብቻ ነው። ይህን ሳያደርጉ ቱቦ ማዞር ሞተሩ ፋሻውን እስኪጨርስ ድረስ ሳያውቁ መንዳት ነው።

ታዲያ ቱቦውን መንካት በፍጹም አይገባም ወይ? አልልም። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ዘይቱ በልኩ ሆኖ፣ ረጅም መንገድ በፍጥነት በሚነዳ ሰው ፊልትሮ ላይ አሁንም ወዝ ይታይ ይሆናል። ለእሱ የሚሻለው ትንፋሹ በመንገዱ ላይ አንድ ማጠራቀሚያ ጣሳ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የፋብሪካው ቫልቭ ቦታው ይቆያል። ቱቦው ከፋብሪካው አይቀጥንም፣ መሐል ላይ አይረግብም፤ ዘይትና ሙቀት የሚችል ይሁን፣ ምክንያቱም ተራ የውሃ ጎማ በዘይት አብጦ ይዘጋል። ጣሳው ባዶ ቆርቆሮ ሳይሆን ውስጡ ጋዙ ተጋጭቶ ዘይቱን የሚጥልበት ክፍልፋይ ወይም የብረት ሽቦ ጭድ ያለው መሆን አለበት። ከጣሳው ራስ የሚወጣው ቱቦ ደግሞ ተመልሶ ወደ ፊልትሮው ቤት ይገባል። ዘይቱ ጣሳ ውስጥ ይቀራል፣ ትነቱ ሞተሩ ውስጥ ይቃጠላል፣ የሚቀር ክፍት ቀዳዳም አይኖርም። በብርድ ወራት ጣሳውን ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ከዘይት ይልቅ ውሃ ይበዛበታል። ጸሐፊው የተመኙትን ንጹሕ ፊልትሮ ይህ ይሰጣቸዋል፤ ያለ ሽታና ያለ ጎማ ስጋት።

ቱቦውን የቆረጠው ወዳጄ ሞተር እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፦ ያወጣቸውን ሁለት ቫልቮች በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጧቸው ስለነበር አየናቸው። የፊተኛው ሲሊንደር ጎማ ለስላሳ ነበር። የኋለኛው፣ ነፋስ የማያገኘውና ይበልጥ የሚግለው፣ እንደ ጥፍር ደርቆ አንድ ጎኑ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ዘይቱን እንደ መመሪያው ሞተሩን አሙቀን ስንለካው ከላይኛው መስመር አልፎ ተገኘ፤ ወደ ልኩ እስኪወርድ ቀዳን። ሁለቱንም ቫልቮች በአዲስ ተክተን፣ ቱቦውን በአዲስ ቀይረን ወደ ፊልትሮው ቤት መለስነውና በፋሸታ አሰርነው። ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ክዳኑን ከፍተን አየነው። በብሎኖቹ ዙሪያ ጣት የምታወዛ ቀለበት ነበረች፤ ፊልትሮው ደረቅ ነው።